የነታንያ አሸዋና የተከዜ ጎርፍ

ለውድ ወንድሜ፤

እማዬ ብርዱ ሲገባ ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ሌላ ክፉ የለባትም። ስምህን ሳታነሣ የምትውልበት ቀን የለም።

ባለፈው በስልክ ያወራኸኝ ከልቤ አልወጣም። የባሕር ዳርቻ እንዴት እንደሚፈጠርና በምን በምን እንደሚመደብ ስታስተምር፣ አንዷ ልጅ «መምህር፣ እኛ ባሕር የለን፤ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» ብላ ጠየቀችህ። ባሕር አጠገብ የምኖረውም፣ ይህንኑ ትምህርት እዚህ የማስተምረውም እኔ ስለሆንኩ መልሱን ለእኔ ተውከው። ባሕር ዳርቻ የሚሠራው ባሕሩ ብቻ አይደለም። እኔ የምኖርበት ጠረፍ ያለ እናንተ ወንዞች የዛሬው መልኩ አይኖረውም ነበር። እንዴት እንደሆነ ረጋ ብዬ ልጻፍልህ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማሰፍራቸው።

የምኖርባት የእስራኤሏ ነታንያ የተሠራችው ገደል አፍ ላይ ነው። ከከተማው ወደ ባሕሩ ለመድረስ ብዙ ደረጃ መውረድ ግድ ይላል፤ ገደሉ አንዳንድ ቦታ ላይ 40 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቀረብ ብለህ ብታየው እንደ ሰሜን ገደል ጥቁርና ጠንካራ አይደለም። ቢጫማ ነው፤ በጣትህ ስትፈትገው አሸዋ ሆኖ ይረግፋል። የአገሩ ሰው ኩርካር ይለዋል። በመካከሉ ቀይ አፈር ተነባብሮ ይታያል። ይህ ድንጋይ ድሮ የአሸዋ ክምር ነበር። ነፋስ ከባሕሩ ዳር አሸዋ እያነሣ ወደ የብስ ከመረው፤ በአሸዋው ውስጥ የነበረውን የዛጎል ስብርባሪ ዝናብ አሟሟው፤ ኖራው በቅንጣቶቹ መካከል ገብቶ አጣበቃቸው። በዚህ አኳኋን ከባሕሩ ጋር ጎን ለጎን የሚሄዱ ረጃጅም ጉብታዎች ተሠሩ። ገሚሶቹ ዛሬ የብስ ላይ ናቸው፣ ገሚሶቹ ውኃ ውጧቸዋል።

አሸዋው የመጣው ከዓባይ ነው። ዓባይ ግብፅ ላይ ሜዲትራኒያን ሲገባ የተሸከመውን ያራግፋል። ከዚያ ሥራውን ሞገዱ ይረከባል። በዚህ ባሕር ብርቱ ሞገድ የሚመጣው ከምዕራብ ሲሆን፣ ጠረፉን ፊት ለፊት ሳይሆን በሰያፍ ይመታዋል። ሲመጣ አሸዋውን በሰያፍ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ውኃው ሲመለስ ግን ተዳፋቱን ተከትሎ በቀጥታ ወደ ታች ያወርደዋል። ስለዚህ ቅንጣቷ ከተነሣችበት ቦታ አትመለስም፤ በእያንዳንዱ ሞገድ ትንሽ ወደ ጎን ትርቃለች። ዳርቻውን ተከትሎ የሚሄደው ጅረትም ያግዛታል። እንዲህ እየተጓዘ የዓባይ አሸዋ በሲና ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በጋዛ፣ በአሽቀሎን፣ በአሽዶድ፣ በቴል አቪቭና በነታንያ አልፎ ሐይፋ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል። ከእስክንድርያ እስከ አኮ ያለው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ጠረፍ የአንድ ወንዝ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ከአኮ አልፈህ ወደ ሊባኖስ ወሰን ስትጠጋ መልኩ ወዲያው ይለወጣል፦ ሮሽ ሃኒክራ ላይ ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል ቀጥ ብሎ ባሕሩ ውስጥ ይቆማል፤ በውስጡም ሞገድ የቦረቦራቸው ዋሻዎች አሉ። የዓባይ አሸዋ እዚያ አይደርስም።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ አስተምራቸው። በነታንያ የምረግጠው አሸዋ አብዛኛው ኳርትዝ ነው። የሰሜን ተራሮች ደግሞ ባዛልት ናቸው፤ ከባዛልት የኳርትዝ አሸዋ አይወጣም። ስለዚህ ነጩን ቅንጣት ከአገራችን ከጃናሞራ መጣ ማለት ልክ አይሆንም፤ ወንዞቹ ቆላውን፣ ሱዳንንና የግብፅን በረሃ ሲያቋርጡ ከአሮጌ ድንጋይና ከአሸዋ ምድር ያነሡት ነው። የእኛ ደጋ ምልክቱ ጥቁሩ ቅንጣት ነው። ወጀብ ካለፈ በኋላ ቀላሉ አሸዋ ታጥቦ ሲሄድ ከባዱ በገደሉ ግርጌ ጥቁር መስመር ሠርቶ ይቀራል። ከዚህ ጥቁር አሸዋ ውስጥ አውጋይት የሚባለው ማዕድን ወደ ኢትዮጵያ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚያመለክት ነው። ጭቃውስ? ግድቦቹ ከመሠራታቸው በፊት ዓባይ በዓመት 120 ሚሊዮን ቶን ያህል ደለል ይዞ ወደ ግብፅ ይወርድ ነበር። ከዚህ እጅግ የሚበዛው ከእኛው ጥቁር ዓባይና ከተከዜ፣ ማለት ከአትባራ፣ የመጣ ነው። ነጭ ዓባይ በደቡብ ሱዳን ረግረግ ውስጥ ሲንቀረፈፍ ጭቃውን እዚያው ስለሚያስቀር ድርሻው በጣም ትንሽ ነው።

አባባ ከማሳው በታች ድንጋይ እየካበ ከጎርፍ ጋር ሲታገል ትዝ ይልሃል? ያ ቡናማ ውኃ ሸለቆ ለሸለቆ ወርዶ ተከዜ ይገባ ነበር። ተከዜ ሱዳን ሲደርስ ሰቲት ይባላል፤ ከአትባራ ጋር ይገናኛል፤ አትባራም ከካርቱም በስተሰሜን ዓባይን ይቀላቀላል። የግብፅ ዴልታ የዛሬ ከ7 እስከ 8 ሺህ ዓመት ገደማ፣ የባሕሩ መነሣት ሲቀዘቅዝ መገንባት የጀመረው በእንዲህ ያለ ጎርፍ ነው።

አሁን ወደ ምደባው ልግባ። መጽሐፎች ብዙ ዝርዝር ይሰጣሉ፤ ልጆቹም ይሸመድዱታል፤ ከፈተና በኋላ ይረሱታል። አልፈርድባቸውም። እያንዳንዱ ምደባ የአንድ ሰው ጥያቄ መልስ ነው፤ ጥያቄውን ካላወቁት መልሱ አይያዝም።

የአሜሪካው ጂኦሎጂስት ዳግላስ ጆንሰን በ1919 ባሳተመው መጽሐፍ የጠየቀው ይህን ነበር፦ ምድሩ ከባሕሩ አንጻር ሰመጠ ወይስ ከፍ አለ? የሰመጠ ከሆነ ባሕሩ ወደ ሸለቆዎቹ ይገባል። በሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ በጋሊሲያ፣ ወንዝ የቆፈራቸው ሸለቆዎች በባሕር ተሞልተዋል፤ በኖርዌይ ደግሞ የበረዶ ግግር የፈለፈላቸው ጥልቅ ሸለቆዎች ፊዮርድ ሆነዋል። ከፍ ያለ ከሆነ የድሮው ባሕር ወለል ወደ የብስነት ይለወጣል። በስዊድን ሰሜናዊ ጠረፍ የበረዶው ክብደት ከተነሣለት ወዲህ ምድሩ ዛሬም በዓመት 8 ሚሊ ሜትር ያህል እየተነሣ ነው። ጆንሰን ለሁለቱም የማይመቹትን፣ እንደ ዴልታና እንደ ኮራል ሪፍ ያሉትን፣ «ገለልተኛ» ብሎ ለየ፤ ለድብልቁም ሌላ ክፍል ሰጠ።

የጆንሰን ምደባ ችግሩ የዓለም ጠረፍ ከሞላ ጎደል ሁሉ የሰመጠ መሆኑ ነው። የዛሬ 20 ሺህ ዓመት ገደማ በሰሜኑ ዓለም የተከማቸው በረዶ የባሕሩን ውኃ ይዞ ስለነበር፣ ባሕሩ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር። ያን ጊዜ ነታንያ ከባሕር ብዙ ኪሎ ሜትር የራቀች የብስ ነበረች። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ መጣ። ከሐይፋ በስተደቡብ፣ አትሊት ፊት ለፊት፣ ከባሕሩ ሥር ከ8 እስከ 12 ሜትር ጥልቀት ላይ አንድ የድንጋይ ዘመን መንደር አለ፤ ዕድሜው 9 ሺህ ዓመት ያህል ነው። የቤት መሠረት፣ የውኃ ጉድጓድ፣ መቃብር ሳይቀር ተገኝቶበታል። ሰዎቹ ያረሱትን መሬት ዛሬ ዓሣ ይመላለስበታል። እንግዲህ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጠረፍ ሰምጧል ካልን ልዩነቱን የሚፈጥረው ሌላ ነገር ነው።

ያን ሌላ ነገር ጀርመናዊው ሃርትሙት ቫለንቲን በ1952 ያገኘው ይመስለኛል፤ ከሁሉም የምወደው ምደባ የእርሱ ነው። የጠየቀው በቀላሉ ጠረፉ ወደ ባሕሩ ይገፋል ወይስ ወደ የብስ ያፈገፍጋል የሚለውን ነው። ለመግፋት ሁለት መንገድ አለ፦ ምድሩ ይነሣል፣ ወይም ደለል ይከማቻል። ለማፈግፈግም ሁለት አለ፦ ምድሩ ይሰምጣል፣ ወይም ሞገድ ይሸረሽራል። ውጤቱ የእነዚህ ድምር ነው። ለተማሪዎችህ እንደ ነጋዴ የገቢና ወጪ መዝገብ አድርገህ ብታሳያቸው ይገባቸዋል። የግብፅ ዴልታ ለምሳሌ በገዛ ክብደቱ እየሰመጠ ነው፤ ያም ሆኖ ለሺህ ዓመታት ወደ ባሕሩ ሲገፋ ኖሯል፤ የወንዙ ገቢ የመስመጡን ወጪ ይበልጥ ስለነበር። ገቢው በተቋረጠ ጊዜ የሚሆነውንም ምደባው አስቀድሞ ይነግርሃል። ጆንሰን «ገለልተኛ» ብሎ ያለፈውን ጠረፍ ቫለንቲን ሕይወት ሰጠው።

ስለ ማዕበል መሙላትና መጉደል አላስረዝምብህም። ዴቪስ የተባለው ሊቅ በ1964 ጠረፎችን በመሙላቱና በመጉደሉ መካከል ባለው ልዩነት መጠን መድቧል፤ ከ2 ሜትር በታች፣ ከ2 እስከ 4፣ ከ4 በላይ። በካናዳው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ልዩነቱ 16 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ እኛ ዘንድ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው እዚህ ሞገዱ ብቻውን የሚገዛው።

እናንተን በቀጥታ የሚመለከተው በ1971 ኢንማንና ኖርድስትሮም የተባሉ ሊቃውንት ያወጡት ምደባ ነው። እነርሱ የጠየቁት ጠረፉ ከምድር ቅርፊት ክፍልፋዮች እንቅስቃሴ አንጻር የት ላይ እንዳለ ነው። የሚጋጩ ከሆነ እንደ ደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ተራራው ባሕር አፍ ላይ ይቆማል። የሚለያዩ ከሆነ ገና አዲስ የተገነጠለ ጠረፍ ይኖራል፤ ለዚህ ዋናው ምሳሌ ቀይ ባሕር ነው። ዓረቢያ ከአፍሪካ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ እየራቀች ነው። ከነታንያ ተነሥተህ ኤላት ስትወርድ የምታየው ባሕር ሌላ ነው፦ ጥልቀቱ ወዲያው ይጀምራል፣ ትልቅ ወንዝ አይገባበትም፣ ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ስለዚህ ኮራል ይበቅልበታል። ምጽዋ ፊት ለፊት ያሉት የዳህላክ ደሴቶችም ከኮራል የተሠሩ ናቸው። ጭቃ በበዛበት ኮራል አይኖርም፤ የዓባይ አፍና ቀይ ባሕር በዚህ አይገናኙም።

ያው ዓረቢያን ከአፍሪካ የሚለየው ፍንጣቂ ወደ አፋር ይገባል። «ባሕር የለንም» ለሚሉ ልጆች ይህን ንገራቸው፦ በደናክል ዝቅተኛ ቦታ ዙሪያ፣ በኢትዮጵያ ምድር ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በታች የቆመ የኮራል ድንጋይ አለ። የዛሬ 120 ሺህ ዓመት ገደማ ቀይ ባሕር ወደዚያ ገብቶ ነበር። ኋላ መገናኛው ተዘጋ፣ ውኃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። ግመል አሞሌ ጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣበት አገር የጥንት ባሕር ወለል ነው። ኢትዮጵያ ባሕሩ የሄደበት ባሕር ዳርቻ አላት። ዳርቻው ዛሬም በዓይን ይታያል።

ሌላው ምሳሌ ደጅህ ላይ ያለው ጣና ነው። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ጭቃቸውን የሚያራግፉት ጣና ውስጥ ነው፤ ያ ጭቃ አብዛኛው ግብፅ አይደርስም፤ ከባሕር ዳር ከተማ በታች ያለው ዓባይ የሚሸከመውን ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ ሸለቆዎች ነው የሚያገኘው። ግን ጣና ራሱ ዴልታ ይሠራል። ጋሎዌይ የተባለ ሌላ ሊቅ በ1975 ዴልታዎችን በሦስት ኃይል መደበ፦ ወንዙ፣ ሞገዱ፣ ወይም የማዕበሉ መሙላትና መጉደል ያሸነፈበት። ጣና ላይ የባሕር ዓይነት ብርቱ ሞገድ ስለሌለ ወንዙ ያሸንፋል፤ ስለዚህ የግልገል ዓባይ አፍ በሁለት በኩል ጭቃ እየደለደለ ሐይቁ ውስጥ ረዝሞ ገብቷል። ሚሲሲፒ የሚሠራውም እንዲሁ ነው። የግብፁን ዴልታ ግን ሞገዱ ስላሸነፈው ጠርዙ ተስተካክሎ ቅስት ሆኗል። የሁለቱን የሳተላይት ፎቶ ጎን ለጎን አድርገህ ለክፍሉ ብታሳይ፣ ከመጽሐፉ ዝርዝር ሁሉ ይበልጣል።

ወንድሜ፣ አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ የዓባይ ደለል ከሞላ ጎደል ሁሉ ከግድቡ ኋላ ይቀራል። ዴልታው መስመጡን አላቆመም፣ ሞገዱም መቁረሱን አላቆመም፤ የቆመው ገቢው ብቻ ነው። በረሺድ፣ ዓባይ ከሚገባባቸው ሁለት አፎች በአንዱ፣ ባሕሩ በከፋው ዘመን በዓመት እስከ 100 ሜትር ያህል መሬት ወስዷል፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ትልቅ የድንጋይ ግንብ እስኪሠራለት ድረስ። ወደ እኛ የሚመጣው አሸዋ ዛሬ አዲስ የወንዝ አሸዋ አይደለም፤ ዴልታው ራሱ ሲሸረሸር የሚሰጠው የቀድሞ ዘመን ክምችት ነው። በዚህ ላይ ሰው እዚህም እጁን አስገብቷል። በ1960ዎቹ አጋማሽ እስኪከለከል ድረስ ለግንባታ ከዳርቻው አሸዋ ይጫን ነበር። ከዚያ የወደብ ግንቦች ተሠሩ፤ አሽዶድ ላይ ከደቡብ የሚመጣው አሸዋ ግንቡ ጋ ሲደርስ ይከማቻል፤ በስተሰሜን ያለው ይራባል።

አሸዋው ሲሳሳ ሞገዱ የገደሉን እግር ያገኘዋል። ከሥር ይቦረቡረዋል፣ የክረምት ዝናብ ከላይ ያርሰዋል፣ ከዚያ ይናዳል። በዲሴምበር 2010 በተነሣው ወጀብ አሽቀሎን ላይ ገደሉ ሲናድ ራስ የሌለው የሮማውያን ዘመን የሴት ሐውልት ከውስጡ ወጣ። ጋዜጦቹ ስለ ሐውልቱ ጻፉ፤ እኔን ያስጨነቀኝ ግን አብሮ ባሕር የገባው የድሮ ከተማ ቅሪት ነበር። የተናደ ኩርካር ተመልሶ አይተከልም። እዚህ ነታንያ ከዳርቻው ራቅ አድርገው ውኃው ውስጥ የድንጋይ ግንብ ሠርተዋል፤ ከግንቡ ኋላ ሞገዱ ስለሚደክም አሸዋ ይከማቻል። ይጠቅማል፤ ግን ያ አሸዋ ለሌላው ጠረፍ ሊሄድ የነበረ ነው። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ጢሮስን ሲከብብ ወደ ደሴቲቱ መንገድ ደለደለ፤ አሸዋ በመንገዱ ላይ እየተከማቸ ደሴቲቱን ከየብስ ጋር ለዘለቄታው አጣበቃት። የሰው እጅ ጠረፍን ይለውጣል፤ የሚሆነውን አስቀድሞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ተማሪዎችህ ስለ ሕዳሴ ግድብ መጠየቃቸው አይቀርም። ግድቡ የሚይዘው ደለል ከ1970 ወዲህ ባሕር ደርሶ አያውቅም፤ አስዋን ላይ ይቀር ነበር። ስለዚህ የሜዲትራኒያንን ዳርቻ የሚያስርበው የእኛ ግድብ ነው የሚል ቢመጣ ሐሳቡ ከዓመታቱ ጋር አይገጥምም። የግድባችን ስጋት ሌላ ነው፦ ደለሉ ራሱ ግድቡን እንዳይሞላው።

ከዚህ የተነሣ ደግሞ የአፈሩ መታጠብ መልካም ነው እንዳይሉ። ለዴልታው ሲሳይ የነበረው ለአባባ ማሳ ሞት ነበር። ደጋው አፈሩን ማጣት የለበትም፤ እርከኑ መሠራት አለበት፤ ተራራው ደን መልበስ አለበት። ባሕሩ ዳር ያለነው ደግሞ የቀረንን አሸዋ መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው፤ ደጋው አፈሩን እየታጠበ እንዲቀልበን የምንጠብቅበት መብት የለንም።

እንግዲህ አደራህን። ክረምቱ ሲወጣ ልጆቹን ይዘህ ጉማራ ጣና የሚገባበት ቦታ ድረስ ውሰዳቸው። የጭቃው ጫፍ ዘንድሮ የት እንደደረሰ በአንድ ዛፍ ወይም ድንጋይ ምልክት ያድርጉ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሌሎች ተማሪዎች ይለኩት፤ መዝገቡም ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይቀመጥ። እኔም እዚህ ተማሪዎቼን የገደሉን ጫፍ አስለካቸዋለሁ። ያገኛችሁትን ጻፍልኝ፤ ያገኘነውን እጽፍልሃለሁ። እማዬ በደብዳቤ ሳይሆን በአካል ና ብላሃለች።

የምትወድህ እህትህ
ከነታንያ